የጉድጓዱን ዕዳ የሚከፍለው ማን ነው?

መንገድ ተሠርቶ ሲያልቅ ጥብጣብ ይቆረጣል፥ ንግግር ይደረጋል፥ ሰንጋ ይጣላል። መንገዱ ሲበላሽ ግን የሚሰደበው ሾፌር ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልንናገር የፈለግነው ስለ ጥብጣቡ አይደለም። ጥብጣቡ ከተቆረጠ ከጥቂት ክረምት በኋላ በአስፋልቱ መካከል ስለሚከፈተው ጉድጓድ ነው፤ ያ ጉድጓድ በጎማ፥ በባሌስትራና በመሪ ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳትና የጉዳቱም ዋጋ ዞሮ ዞሮ መኪና ከሌለው ሰው ኪስ እንዴት እንደሚወጣ ነው።

የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪዎች ስለ አሞርዛተር ለመጻፍ ምን አገባቸው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ከመካከላችን የወለጋ ልጆች የሆንን ሁሉ በየዕረፍቱ ወደ ቤተ ሰቦቻችን የምንሄደው በአውቶቡስ የኋላ ወንበር ላይ ነው። የኋላ ወንበር ከኋላ ጎማዎች አልፎ የተንጠለጠለ ስለሆነ የእያንዳንዱን ጉድጓድ ጥልቀት በአከርካሪ አጥንት ለመለካት የተመቸ ሥፍራ ነው። ስለዚህ ለጉዳዩ ባዕድ አይደለንም። ደግሞም የምሕንድስና ተማሪዎች ወንድሞቻችን ስለ መንገድ ሲጽፉ ለመምህራቸው እንጂ ለሕዝብ አይጽፉምና፥ እነሱ እስኪጽፉ ድረስ እኛ እንናገራለን።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሆለታ፥ በአምቦ፥ በጌዶና በባኮ አልፎ ነቀምቴ የሚደርሰው መንገድ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከነቀምቴ ወዲያ አንዱ ቅርንጫፍ ወደ ደዴሳ ቆላ ወርዶ በጊምቢ በኩል ወደ ነጆ፥ ወደ መንዲና ወደ አሶሳ፥ እንደዚሁም ወደ ደምቢ ዶሎ ይሄዳል። ሌላው በአርጆ በኩል ወደ በደሌ ይወርዳል። ሦስተኛው የአንገርን ሸለቆ አቋርጦ ዓባይን ተሻግሮ ቡሬ ይደርሳል። እንግዲህ ነቀምቴ የአራት መንገድ መገናኛ ናት ማለት ነው። የምዕራቡ ቡና፥ በቆሎና ሰሊጥ ወደ መሐል አገር ሲወጣ፥ ጨው፥ ብረትና ነዳጅ ደግሞ ወደ ምዕራብ ሲገባ በአብዛኛው በዚህች ከተማ በኩል ያልፋል። በነቀምቴ አስፋልት ላይ ያለ አንድ ጉድጓድ የነቀምቴ ብቻ አይደለም፤ የነጆም፥ የደምቢ ዶሎም ነው።

የመንገዱን ታሪክ በአጭሩ ብናስታውስ ለነገራችን ይጠቅማል። ቀድሞ የሲራራ ነጋዴዎች በበቅሎና በአህያ የሚመላለሱበትን መስመር ወደ መኪና መንገድ የለወጠው በ1928 ዓ.ም. አገራችንን የወረረው ጣልያን ነው፤ ያደረገውም ለጦሩ ሲል እንጂ ለእኛ አስቦ አልነበረም። ጣልያን በ1933 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ በየአገሩ የሠራቸው መንገዶች ጠጋኝ አጥተው በክረምት እየታጠቡ ፈራረሱ። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋምና በዚያው ዓመት ከዓለም ባንክ ለመንገድ ሥራ 5 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ብድር ሲገኝ፥ የመጀመሪያው ዓላማ ይህንኑ የፈረሰ መንገድ ማደስ ነበር። እንግዲህ ዛሬ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር የሚባለው መሥሪያ ቤት አባቱ ጉድጓድ ነው ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም። አንድ መሥሪያ ቤት የተወለደበትን ምክንያት ከሰባ ዓመት በላይ ቆይቶ እንኳ ሊረሳው አይገባም ነበር።

ሌላም የቀረ ቅርስ አለ፤ እሱም የጋራዥ ቋንቋ ነው። ባሌስትራ፥ አሞርዛተር፥ ቴስቲና፥ ኩሽኔታ፥ ሞላ፥ ቸርኬ፥ ካላማዳሪ፥ ጎሚስታ፤ እነዚህ ሁሉ የጣልያን ቃላት ናቸው። በነቀምቴም በጊምቢም በሻምቡም ያለ መካኒክ በኦሮምኛ እየተናገረ፥ ደንበኛው በአማርኛ እየመለሰለት፥ ሁለቱም በእነዚህ ቃላት ይግባባሉ። የጋራዡ ቋንቋ ከመንገዱ ይልቅ በደህና ተጠብቆ ቆይቷል፤ ምናልባት ማንም በጀት ስላልያዘለት ይሆናል።

ጉድጓድ እንዴት ይፈጠራል? ሰው ጉድጓድን የሚቆፍረው ጎማ ይመስለዋል። ጎማ የሚጨርሰውን ሥራ የሚጀምረው ውኃ ነው። ነቀምቴ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ስትሆን በዓመት የምታገኘው ዝናብ ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ይህ ዝናብ በግንቦት ጠንክሮ ጀምሮ እስከ መስከረም አይለቅም። አስፋልቱ በፀሐይና በጭነት ብዛት እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ያወጣል። በስንጥቁ ውስጥ ውኃ ይገባል፤ ከሥር ያለው ጠጠርና ቀይ አፈር ይርሳል። ከዚያ በላዩ የሚያልፍ ከባድ ጎማ ሁሉ ውኃውን እንደ ፓምፕ ይጨምቀውና ውኃው ደቃቁን አፈር ይዞ በስንጥቁ ይወጣል። ከዝናብ በኋላ በአስፋልት ላይ በስንጥቅ ዙሪያ ቀይ ጭቃ የተፋ ቦታ ካያችሁ፥ መንገዱ ከውስጥ መቦርቦር ጀምሯል ማለት ነው። ሥሩ ባዶ ሲሆን ላዩ ይሰምጣል። አንድ ቀን አስፋልቱ እንደ ደረቀ እንጀራ ይሰበርና ጉድጓዱ ይከፈታል።

ስለዚህ የጉድጓድ እናት የተደፈነች ቦይ ናት። በወለጋ ከተሞች ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ቦይ በአፈር፥ በፕላስቲክና በገለባ ተሞልቶ ውኃው መሄጃ ሲያጣ በመንገዱ ላይ ይተኛል። የጠጠር መንገድ የሆነ እንደሆነ ነገሩ ይብሳል። የጠጠር መንገድ መካከሉ ከፍ ብሎ እንደ ኤሊ ጀርባ ካልተሠራና በየጊዜው በግሬደር ካልተቃና በአንድ ክረምት ኮረኮንች ይሆናል። ለውኃ ቧንቧ ወይም ለስልክ ሽቦ ተብሎ ተቆፍሮ፥ አፈሩ በእግር ረገጥ ረገጥ ተደርጎ የተተወ መንገድም አለ፤ ኮብልስቶን ቢሆን እንኳ በቀጣዩ ሐምሌ እንደ ጎድጓዳ ሳሕን ይሰምጣል። አንዱ መሥሪያ ቤት የሚያነጥፈውን ሌላው የሚቆፍርበትን ምክንያት የሚያስረዳን ሰው ብናገኝ ደስ ይለናል።

አሁን ወደ ጎማው እንምጣ። ብዙ ሰው ጉዳቱ የሚደርሰው ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲወድቅ ይመስለዋል። ይበልጥ የሚጎዳው ግን ሲወጣ ነው። ጎማው ወደ ጉድጓዱ ሲገባ በመኪናው ክብደት ታጥፎ የነበረው ሞላ ወይም ባሌስትራ ይዘረጋና ጎማውን ወደ ታች ይገፋዋል፤ ወዲያው የጉድጓዱ ማዶ ጠርዝ ፊት ለፊት ይቀበለዋል። ምቱ ከጎማው ወደ ቸርኬው፥ ከቸርኬው ወደ ኩሽኔታው፥ ከዚያም ወደ ቴስቲናውና ጎማውን ወደ ተሸከሙት ክንዶች ይሄዳል፤ የቀረው በሻንሲው በኩል አልፎ ለተሳፋሪው ይደርሳል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ30 ከሚሄደው ሁለት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ጉልበት ተሸክሟልና፥ በፍጥነት ካለፍከው አይሰማህም የሚሉ ሾፌሮች በኮረኮንች ላይ ያዩትን በጉድጓድ ላይ እየተረጎሙ ነው። ትንንሽ ሞገድ ያለበት ጠጠር መንገድ ላይ ፍጥነት መንቀጥቀጡን ሊያለዝበው ይችላል፤ ከጎማው የሰፋ ጉድጓድ ግን አይለዝብም። ፍሬን ይዞ ጉድጓድ መግባትም የባሰ ነው፤ ፍሬን ሲያዝ የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ስለሚያጋድል የፊት ሞላ አስቀድሞ ይታመቃል፥ ለምቱ የሚሆን መተጣጠፊያ አይቀርለትም። ፍሬኑ ከጉድጓዱ በፊት ይያዝ፥ ጉድጓዱ ላይ ይለቀቅ። በክረምት ደግሞ ውኃ የሞላው ጉድጓድ ጥልቀቱ አይታወቅምና እንደ ኩሬ ሳይሆን እንደ ወጥመድ ሊታይ ይገባዋል።

ነፋሱ ያነሰ ጎማ በጠርዙና በቸርኬው መካከል ተቆንጥጦ የጎኑ ክር ይበጠሳል፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ጎኑ ላይ እንደ እንቁላል ያለ እብጠት ያወጣል። እንዲህ ያለው ጎማ አይጠገንም፤ የሚፈነዳበትን ሥፍራ የሚመርጠው ራሱ ነው። ቸርኬው ከተጣመመ መኪናው ፈጠን ሲል መሪው ይንቀጠቀጣል። አሞርዛተሩ ዘይቱን ካፈሰሰ ደግሞ መኪናው አንድ ጊዜ ከተነጠረ በኋላ ሦስት አራት ጊዜ ይነጥራል፥ ጎማውም በእያንዳንዱ ንጥረት መሬቱን ይለቃል። መሬትን የለቀቀ ጎማ ፍሬን አይሠራለትም፥ መሪም አይታዘዝም።

የሁሉም ተንኮለኛ ግን ዓይን የማያየው የጎማ አቀማመጥ መናጋት ነው፤ ጋራዦች አላይመንት የሚሉት ማለት ነው። የፊት ጎማዎች አቀማመጥ በሦስት በኩል ይለካል። ከፊት ሆነን ስናይ ጎማው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማጋደሉ አንዱ ነው። ከጎን ስናይ ጎማው የሚዞርበት ምሰሶ ወደ ኋላ ዘንበል ማለቱ ሁለተኛው ነው፤ የተጠመዘዘ መሪ ሲለቀቅ በራሱ ወደ መካከል የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው። ሦስተኛውና በጉድጓድ ቶሎ የሚናጋው ከላይ ሆነን ስናይ ሁለቱ ጎማዎች እርስ በርሳቸው ትይዩ መሆናቸው ነው። የመሪው ዘንግ በጥቂቱ ከተጣመመ ወይም ቴስቲናው ከላላ ጎማዎቹ እንደ ሸውራራ ዓይን አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ይመለከታሉ።

ሂሳቡን እንሥራው፤ የአርት ተማሪ ሊሠራው የሚችል ሂሳብ ነው። የጎማው ቁመት 60 ሳንቲ ሜትር ይሁን። በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት ከፊት ጠርዝና ከኋላ ጠርዝ ሲለካ ከሚገባው 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ይለይ። 3 ሚሊ ሜትር በ600 ሚሊ ሜትር ላይ ማለት 1 በ200 ማለት ነው። እንግዲህ መኪናው በየ200 ሜትሩ ሁለቱ ጎማዎች ተካፍለው 1 ሜትር በጎናቸው ይፋቃሉ፤ በኪሎ ሜትር 5 ሜትር ይሆናል። ከአዲስ አበባ ነቀምቴ 330 ኪሎ ሜትር ነውና መኪናው ነቀምቴ እስኪገባ ጎማዎቹ በጠቅላላው 1,650 ሜትር በጎን ተጎትተዋል ማለት ነው። ማንም ሰው ጎማውን ፈትቶ ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ በአስፋልት ላይ በጎኑ ጎትት ቢባል ዕብድ ነው የሚለው ሾፌር፥ በየጉዞው ይህንኑ ያደርጋል። ጎማው ከአንድ ወገን ተላጭቶ ክሩ እስኪታይ ድረስ አያውቅም፤ ሲያውቅም ጎማው የማይረባ ነበር ብሎ ሻጩን ይረግማል።

በትልልቅ ከተሞች ይህን በብርሃንና በኮምፒዩተር የሚለካ መሣሪያ አለ። በትንንሾቹ ከተሞች መካኒኩ ገመድ ወጥሮ፥ በጠመኔ ምልክት አድርጎ፥ በሜትር ለክቶ ያስተካክላል። ይህን የምንለው ለመናቅ አይደለም፤ በጥንቃቄ የተወጠረ ገመድ አይዋሽም። ችግሩ መካኒኩ በማለዳ ያቃናውን ጎማ ከጋራዡ በር ፊት ያለው ጉድጓድ ከቀትር በፊት እንደገና ማጣመሙ ነው። በየጋራዡ የሚሰማው ክርክር ይህ ነው፤ «ባለፈው ወር አስተካክለህልኝ አልነበረም እንዴ?» ይላል ሾፌሩ። «ያስተካከልኩልህ ጎማውን ነው፤ መንገዱንም አስተካክል አላልከኝ» ይላል መካኒኩ። ከሁለቱ ማን ትክክል እንደሆነ ለአንባቢ ግልጽ ነው።

የጭነት መኪና ሕመም ደግሞ ሌላ ነው። ቡና የሚያመላልሰው ኢሱዙ ከሥሩ ያለው ባሌስትራ ነው፤ ቅጠሎቹን አንድ ላይ አሥሮ ከአክሱ ጋር በቦታው የሚያቆመው አንድ ቡሎን አለ። ይህ ቡሎን በተደጋጋሚ ምት ሲቆረጥ አክሱ በአንድ ወገን ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ያን ጊዜ መኪናው ፊቱን ወደ አንድ አቅጣጫ አዙሮ አካሉ በሌላ አቅጣጫ፥ እንደ ፈራች በቅሎ በጎኑ ይሄዳል። ከኋላው የሚከተል ሰው ያየዋል፤ ከውስጥ ያለው ሾፌር መሪውን ሲታገል ይውላል።

ባጃጅ ግን ከሁሉ ይልቅ ያሳዝነናል። ጎማው ትንሽ ነው፥ ቸርኬው ስምንት ኢንች ብቻ። ትንሽ ጎማ ትልቁ ጎማ ረግጦት በሚያልፈው ጉድጓድ ውስጥ ይሰምጣል። በዚያ ላይ አራት ጎማ ያለው መኪና ጉድጓዱን በሁለቱ ጎማዎች መካከል አድርጎ ሊያልፍ ሲችል፥ ባጃጅ በሦስት ፈለግ ስለሚሄድ ከአንዱ ቢያመልጥ በሌላው ይገባል። በነቀምቴ የባጃጅ ነጂዎች እንደ እባብ እየተጠማዘዙ የሚነዱት ጠባያቸው ሆኖ አይደለም፤ ሂሳብ እየሠሩ ነው። ብዙዎቹም የሚነዱት ባጃጅ የራሳቸው አይደለም፤ የቀን ገቢውን ለባለቤቱ አስገብተው የተረፈውን የሚበሉ ወጣቶች ናቸው። ጎሚኒ ሲበላ፥ አሞርዛተር ሲፈስ ከዚያ ከተረፈው ላይ ይከፍላሉ።

ይህ ሁሉ ስለ ገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አንጮህም ነበር። ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ የሚሄደው መንገድ ወደ ደዴሳ ሲወርድ ረጅም ቁልቁለት ነው። በየከተማው ጉድጓድ ሲላላ የከረመ ቴስቲና ከመሪው ዘንግ የሚላቀቀው ጋራዥ ደጃፍ ላይ አይደለም፤ መኪናው በተጫነበትና ፍሬን በበዛበት በእንዲህ ያለው ቁልቁለት ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ሾፌሩ የሚያዞረው መሪ ከጎማው ጋር ዝምድና የለውም። የትራፊክ መዝገብ «ከቁጥጥር ውጭ ሆነ» ብሎ ይጽፋል። ጉድጓዱ ግን በመዝገቡ ላይ አይጻፍም፤ ጉድጓድ ሰሌዳ የለውምና።

ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በወለጋ በተነሣው ግጭት ብዙ ሰው አልቋል፥ ብዙ ሰው ተፈናቅሏል፥ መንገድም ደጋግሞ ተዘግቷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ግሬደርና የመንገድ ሠራተኛ እንደ ልቡ እንደማይንቀሳቀስ እንረዳለን፤ የጥገናው መጓደል ሁሉ ስንፍና ነው አንልም። ነገር ግን በዚህ ዘመን በመንገድ መሐል መሰበር ከቀድሞ ይልቅ የሚያስፈራ ሆኗል። ምጥ የያዛት ሴት ወደ ነቀምቴ ሐኪም ቤት ስትወሰድ መኪናው ሰው በሌለበት ቦታ በመሸ ጊዜ ቢቆም፥ ሾፌሩ ክሪክ አውጥቶ ስኮርታ ጎማ ሲቀይር ያለው ጭንቀት ለማንም የሚመኙት አይደለም።

ገንዘቡንስ የሚከፍለው ማን ነው? በመጀመሪያ ሲታይ ባለ መኪናው ነው። ነገር ግን ባለ መኪና ጎማ በገዛ ቁጥር ታሪፉን ያስባል፤ ታሪፍ መጨመር ካልተፈቀደለት ትርፍ ይጭናል። ነጋዴውም ለኪራይ የጨመረውን ከሚሸጥበት ላይ ካላገኘው ከሚገዛበት ላይ ይቀንሳል። ቡናችን በዓለም ገበያ ለቀምት በሚለው በቀድሞው ስሙ ይታወቃል፤ ያን ቡና በጊምቢ ወይም በቄለም የሚለቅም ገበሬ ምናልባት በዕድሜው መኪና ተከራይቶ አያውቅም። ነገር ግን በየኪሎው ላይ ከዋጋው ተቀንሶ የኢሱዙውን ባሌስትራ የሚገዛው እሱ ነው። ጨውና ሳሙና ሲገዛ ደግሞ ሁለተኛ ይከፍላል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ሁሉ ዋጋው እንዴት እንደ ዘለለ መናገር አያስፈልግም። በዶላር የተገዛ ጎማ በጎኑ እየተፋቀ ሲያልቅ የሚባክነው የባለ መኪናው ብር ብቻ ሳይሆን የአገሪቱ ምንዛሪ ነው። እንግሊዞችና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በጎረቤታችን በኬንያ መንገዶች ላይ መኪናዎችን ተከታትለው የመንገዱ ሸካራነት በጨመረ ቁጥር የጎማና የመለዋወጫ ወጪ እንዴት እንደሚያድግ ለክተዋል። ባንኩ በ1990ዎቹ ስለ አፍሪካ መንገዶች ባሳተመው ጥናት ደግሞ ለጥገና ሳይወጣ የቀረ አንድ ዶላር በተጠቃሚው ላይ የሁለት እስከ ሦስት ዶላር ወጪ እንደሚጨምር ገልጿል። ለጥገና አልወጣም ተብሎ የዳነው ገንዘብ አልዳነም፤ ሳይጻፍ የተጣለ ግብር ሆኗል።

ባለሥልጣኖች ሲጠየቁ መልሳቸው ሁለት ነው። አንደኛው ሾፌሩ በፍጥነት ይነዳል የሚል ነው፤ ስለዚህ ከላይ ተናግረናል፥ እውነትም አለበት። ሁለተኛው መኪናዎች ከመጠን በላይ ይጭናሉ የሚል ነው። ይህም እውነት ነው፤ እንዲያውም እነሱ ከሚያስቡት በላይ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካ በኢሊኖይ ግዛት በኦታዋ ከተማ አጠገብ በተደረገው ትልቅ የመንገድ ፈተና የታወቀው፥ የአንድ አክስ ጭነት በእጥፍ ሲጨምር በመንገዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት በእጥፍ ሳይሆን ወደ 16 እጥፍ ገደማ እንደሚሆን ነው። እንግዲህ አንድ ትርፍ የጫነ ሲኖትራክ የሚያደርሰውን ጉዳት አንድ ሺህ ባጃጅ አያደርሰውም። ታዲያ ይህን የሚያውቅ ባለሥልጣን ሚዛኑን ለምን በየመንገዱ አያጠብቅም? ጥፋተኛውን መጥቀስ ጥፋቱን ማስቀረት አይደለም።

በየመንገዱ ዳር አካፋ ይዘው ጉድጓድ በአፈር ሞልተው ለሚያልፈው መኪና እጃቸውን የሚዘረጉ ሕፃናት ሁላችን አይተናል። አንዳንዱ ሾፌር ሳንቲም ይወረውራል፤ አንዳንዱ ደግሞ ሌሊት ራሳቸው ቆፍረውት ነው ብሎ ይስቃል። አፈሩ በመጀመሪያው ዝናብ እንደሚወጣ ማንም ያውቃል። እኛ ግን እነዚህን ልጆች ለመክሰስ አፋችን አይከፈትም፤ በብዙ ሥፍራ ከእነሱ ሌላ መንገድ ሲጠግን ያየነው ሰው የለም። ልጆቹ መሆን የሚገባቸው ትምህርት ቤት ነው፤ አካፋውም መሆን ያለበት ደመወዝ በሚከፈለው ሰው እጅ ነው።

የመንገድ ፈንድ በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ ሲቋቋም የታሰበው ከእያንዳንዱ ሊትር ነዳጅ ላይ ጥቂት ተቆርጦ ለጥገና እንዲውልና የመንገድ ተጠቃሚው የከፈለው ገንዘብ ወደ መንገዱ እንዲመለስ ነው። አሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። በኤሌክትሪክ የሚሄድ መኪና ከሊትር ላይ የሚቆረጥበት የለም። ባትሪው ወለሉ ሥር ተዘርግቶ ክብደቱ ስለሚበዛ ጉድጓድ ይበልጥ ይጎዳዋል እንጂ አይምረውም። የጥገናው ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ ከወዲሁ ካልታሰበ፥ ጭስ የሌለው መኪና ይዘን ጉድጓድ ውስጥ እንገኛለን።

እኛ የምንጠይቀው አዲስ አስፋልት አይደለም። የምንጠይቀው ሦስት ትንንሽ ነገሮች ነው። የወለጋ ከተሞች ማዘጋጃ ቤቶች፥ ነቀምቴ፥ ጊምቢ፥ ነጆ፥ ደምቢ ዶሎ፥ ሻምቡ፥ በየዓመቱ ሚያዝያ ሳያልቅ ቦያቸውን ይጥረጉ፤ ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው። ስንጥቅ ጉድጓድ ሳይሆን በሬንጅ ይደፈን። ጉድጓድ ከሆነም በሥርዓት ይጠገን፤ ጠርዙ በአራት ማዕዘን ተቆርጦ፥ ውስጡ ተጠርጎና ደርቆ፥ ሬንጅ ተቀብቶ፥ በንብርብር እየተሞላ በመጠቅጠቂያ ይጠቅጠቅ። ውኃ ባለበት ጉድጓድ ላይ ጥቁር ጠጠር አፍስሶ በአካፋ ጀርባ መምታት ጥገና አይደለም፤ የመስከረም ወር ፎቶግራፍ ነው። የቆፈረ መሥሪያ ቤትም የቆፈረውን እንደ ነበረ አድርጎ ሳይመልስ የሥራ ማጠናቀቂያ አይሰጠው።

በ1950ዎቹ በተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ከእኛ በፊት የነበሩ ተማሪዎች አንድ ዓመት ሙሉ በየአውራጃው ያስተምሩ ነበር። እኛ አንድ ዓመት አልተጠየቅንም። ስለዚህ ለማኅበራችን የምናቀርበው አሳብ ይህ ነው። በመጪው ዕረፍት ወደ ወለጋ የሚሄድ ተማሪ ሁሉ በከተማው ዋና መንገድ ላይ ያሉትን ጉድጓዶች ይቁጠር፤ ስፋታቸውንና ጥልቀታቸውን በሜትር ይለካ፥ አጠገባቸው ያለው ቦይ ክፍት ወይም ድፍን መሆኑን ይጻፍ። ከአንድ ጎሚስታና ከአንድ መካኒክ ዘንድ ሄዶም በወሩ ስንት ጎማ በጎን ተበልቶ፥ ስንት ቴስቲና ላልቶ እንደ መጣ ይጠይቅ። የምሕንድስና ተማሪዎች ወንድሞቻችን የመለኪያውን ቅጽ እንዲያዘጋጁልን፥ የኢኮኖሚክስ ተማሪዎችም ሂሳቡን እንዲያወጡልን ጠይቀናል፤ ሁለቱም እሺ ብለዋል። ውጤቱ በዚህ መጽሔት ይታተማል፥ አንድ አንድ ቅጂም ለየማዘጋጃ ቤቱ ይላካል። ቅጹን ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት መውሰድ ይቻላል፤ የተሞላው ቅጽ ዝናቡ ሳይጀምር እንዲደርሰን እንፈልጋለን።